የሐጂ ጣውላ

እናቴ ዳሌዋ ተሰብሮ ዊልቸር ላይ ከዋለች ወዲህ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጎማውን በራሷ እጅ እየገፋች ደጅ ወጥታ ፀሐይ መሞቅ። ከሳሎኑ በር ወደ ግቢው የሚያወርደው ግን ከፍ ያለ ደረጃ ነው። ሲሚንቶ ሞልተን እንዳናስተካክለው የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ክዳን እዚያው በሩ ሥር ነው፤ እሱ ከተደፈነ የመምጠጫው መኪና ሲመጣ ምኑ ሊከፈት ነው? ስለዚህ ከቤቱ ወለል እኩል የሚሆን፣ ሲፈለግ ጣውላው የሚፈታ የእንጨት በረንዳ ይሠራ ተባለ። «ተባለ» ስል እኔ አልኩ ማለቴ ነው። ቤቱ ውስጥ ያለነው እሷና እኔ ብቻ ነን።

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከያዝኩ አልለቅም። ሰሞኑን ሁሉ ስልኬ ላይ የማነበው ስለ እንጨት ሆነ። ባህር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል። ዝግባ ያምራል፣ ዝናብ ግን አይችልም። ጥድን ምስጥ አይደፍረውም፣ ደረቅና ረጅም ጣውላ ማግኘቱ ነው ጣጣው። ከውጭ የሚመጣው የሐሩር አገር ጠንካራ እንጨት ውሃም ፀሐይም ይችላል፤ በደንብ ከደረቀ። ይህችን «በደንብ ከደረቀ» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። ከመሃል ከተማ ጀምሬ ያገኘሁትን የእንጨት መሸጫ ሁሉ እየዞርኩ ጣውላ አነሳሁ፣ አንኳኳሁ፣ አሸተትኩ፤ ሻጮቹ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ መሳቅ ጀምረው ነበር። በመጨረሻ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ቱላ በሚወስደው መንገድ ጥላ ውስጥ የከረመ የዋንዛ ጣውላ አገኘሁ። ቀለል ያለ፣ ቀጥ ያለ፣ ሲመቱት የሚጮህ። ነገ መጥቼ እወስዳለሁ ብዬ ወጣሁ።

በዚያው ቀን ሐጂ ሰሙ። ሐጂ የአባቴ ወዳጅ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፒያሳ አካባቢ እንጨት ሲነግዱ ኖረዋል። አባቴ የሞተ ጊዜ ሱቃቸውን ዘግተው ለቅሶው እስኪያበቃ ከድንኳኑ አልወጡም፤ የማያውቃቸው ለቀስተኛ የሥጋ ዘመድ መስለውት ነበር። ወዲያው ደወሉልኝ።

«እኔ በሕይወት እያለሁ ነው ለእህቴ ከሌላ ቤት እንጨት የምትገዛላት?»

«ኧረ ሐጂ፣ እርስዎን ላለማስቸገር ብዬ ነው።»

«ዝም በል! ነገ እልክልሃለሁ። ስለ ዋጋ ብታነሳብኝ እቀየምሃለሁ።»

በማግስቱ ጣውላው በአይሱዙ መጣ። ቀይ ዳማ፣ ሰፋፊ፣ የሚያስጎመጅ ነው። አንዱን አነሳሁና ወገቤን ያዝኩ፤ እርጥብ ነበር። አናጢው የመጀመሪያውን ብሎን ሲያጠብቅ ዙሪያው ውሃ አዥቶ ጠቆረ። ቀና ብሎ አየኝ፣ እኔም አየሁት። ሐጂ አጠገባችን ቆመው በከዘራቸው ጣውላውን መታ መታ እያደረጉ «ይሄ እንጨት የልጆችህን ልጆች ያያል» አሉኝ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ማን እንደሸጠላቸው እንጃ። ወደ ውስጥ ገባሁና እናቴን «እማ፣ እርጥብ ነው፤ ይጣመማል» አልኳት።

«አፍህን ዝጋ» አለችኝ። «አባትህን አብረውን የቀበሩ ሰው ናቸው።»

ያን ሁሉ ያነበብኩትን ታቅፌ ተመለስኩና አናጢውን «ቀጥል» አልኩት።

ክረምቱ አልፎ ፀሐዩ ሲበረታ ጣውላው መድረቅ ጀመረ። ጠርዝ ጠርዙ ወደ ላይ ተነሳ፣ መሃል መሃሉ ተከፈተ። እናቴ አንድ ጠዋት ደስ ብሏት ጎማዋን ገፍታ ስትወጣ የፊተኛዋ ትንሿ ጎማ ክፍተቱ ውስጥ ገባች፤ ዊልቸሩ ወደ ፊት ሲደፋ ነጠላዋን ይዤ ነው ያስቀረኋት። ከዚያ ወዲያ ሞክሪ ብላት እምቢ አለች። ተሸክሜ ላውጣሽ ስላት ተቆጣች፤ «አንተን የተሸከምኩ እኔ ነኝ፤ አንተ እኔን አትሸከምም!» ጣውላውን ልቀይረው ስላት ደግሞ፣ «ሐጂ ምን ይላሉ?» በቃ፣ መላው ሁሉ ጠፋኝ። እሷ ከበሩ ወዲህ ተቀምጣ ፀሐዩን ታያለች፣ እኔ እሷን አያለሁ። በረንዳውን በመጥረቢያ መፈለጥ ያማረኝ ቀን ብዙ ነው።

ሐጂ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሊጠይቋት ይመጣሉ። ከዚያ ነገር በኋላ በነበረው ዓርብ የግቢው በር ሲንኳኳ እናቴ ክው አለች።

«ቶሎ አውጣኝ! እዚህ ተቀምጬ ካዩኝ ያዝናሉ።»

«ልሸከምሽ?»

«አትነዝንዘኝ፣ አንሳኝ!»

አነሳኋት። ይህን ያህል መቅለሏን አላውቅም ነበር። በረንዳው ላይ የፕላስቲክ ወንበር አድርጌ አስቀመጥኳት። ሐጂ አጠገቧ ተቀመጡና ጣውላውን በከዘራቸው መታ አደረጉ። «አላልኩህም? ንቅንቅ አይልም።»

«ዕድሜ ይስጥልኝ፣ በእርስዎ ነው ፀሐይ የማየው» አለች እናቴ። ጥርሴን ነከስኩ። እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ለፀሐዩ ሰጥታለች። ሐጂ እንደሄዱ «መልሰኝ» አለች።

እንዲህ ሆኖ ቀጠለ። እናቴ ፀሐይ የምታገኘው ዓርብ ብቻ፣ ለሐጂ ስትል ብቻ ሆነ። ቅርብ ጊዜ ደግሞ ሐጂ ቀሩ፤ አንድ ዓርብ፣ ከዚያም ሌላ። እናቴ ንጹሕ ነጠላዋን ለብሳ በሩን ስታይ ዋለች። እኛው እንውጣ ብላት «ለማን ብዬ?» አለችኝ። ስደውልላቸው ዓይናቸው ብሶባቸው ብቻቸውን ባጃጅ መሳፈር ፈርተዋል። ስንት ቀን በሆዴ ያማኋቸውን ሰውዬ ራሴ ባጃጅ ይዤ ሄድኩና ክንዳቸውን ደግፌ አመጣኋቸው። እናቴ ድምፃቸውን ስትሰማ ከውስጥ «አንሳኝ!» ብላ ተጣራች።

ሁለቱም ፀሐዩ ላይ ተቀመጡ። ሐጂን እንዳያደናቅፋቸው የተነሳውን ጠርዝ በእግሬ ረግጬ ቆምኩ።

«ሐጂ፣ ማክሰኞስ መጥቼ ባመጣዎት?» አልኳቸው።

እናቴ ዓይኗን አልገለጠችም። የወንበሩን መደገፊያ ግን አጥብቃ ይዛ መልሳቸውን ትጠብቅ ነበር።