ባዶ እጅ ወደ ወንዝ

በምኖርባት ትንሽ ከተማ ወደ ወንዙ የሚወርድ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይዞ ነው የሚወርደው። ልብስ የታቀፈች አለች፣ አህያ የሚነዳ አለ፣ ማጭድ ትከሻው ላይ የጣለ አለ። እኔ ምንም ሳልይዝ ስወርድ ታየሁ። ችግሩ የጀመረው ከዚያ ነው።

ከተማዋ ከነቀምቴ ወደ አርጆ በኩል ናት። አሮጌ ናት። በድሮ ዘመን ነጋዴዎች ቡናና ወርቅ በበቅሎ ጭነው ወንዙን የሚሻገሩት በዚህ ነበር፤ መሻገሪያው ላይ ቀረጥ የሚከፍሉበት ኬላ ነበረ። ዛሬ ከኬላው የቀረው ሐረግ የወረሰው የድንጋይ ግንብ ነው። የበቅሎው መንገድ ግን አሁንም አለ። ከከተማው ተነስቶ ኬላው ድረስ ይወርድና በዶቅማ ዛፎች ሥር ወንዙን ይከተላል፤ ከዚያ ዳገቱን ወጥቶ በበቆሎ ማሳዎች መሃል ወደ ከተማው ይመለሳል። ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው ዙሪያው ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል።

ያደግሁት ነቀምቴ ነው። እዚህ የመጣሁት የአማርኛ መምህርት ሆኜ ስመደብ ነው። ሰው ፊት መናገር የሚከብደኝ ሰው ነኝ፤ እንጀራዬ ግን ሰው ፊት መናገር ሆነ። ሳምንቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስናገር እከርምና ዓርብ ወደ ቤት ስገባ ያለቀብኝ ድምፄ ብቻ አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማንም የማያናግረኝ ሁለት ሰዓት ካገኘሁ ሰኞን እችለዋለሁ። ከዚህች ከተማ የፈለግሁት ይህን ብቻ ነበር።

በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ከተማውን ወጣ እንዳልሁ፣ አህዮች የሚነዱ ሽማግሌ አገኘሁ።

«ኤሳ ዴምታ?» አሉኝ። ወዴት ትሄጃለሽ ማለታቸው ነው። እዚህ አገር ሰላምታ ያለዚህ ጥያቄ አያልቅም።

«ወደ ታች ነው፣ አባባ።»

«ታች ማን አለሽ?»

«ማንም የለኝም።»

«ታዲያ ምን ጠፋብሽ?»

«ምንም አልጠፋብኝም። እንዲሁ ልሄድ ብዬ ነው።»

አህዮቹን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ወደ ከተማ ይነዷቸው የነበሩትን አህዮች መልሰው አዞሩና «ነይ፣ እሸኝሻለሁ» አሉኝ። እንቢ ማለት አልቻልሁም። ስለ ልጃቸው ሚስት ስንፍና እያወሩልኝ ኬላው ድረስ ወረድን፤ ስለ እሷው እያወሩልኝ ተመለስን። ግቢያችን በር ላይ ሲያደርሱኝ ደክሟቸው ነበር፤ እኔም ከወጣሁበት ሰዓት የባሰ ደክሞኝ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት ሴቶች ሸኙኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ገበሬ ከነልጁ። መንገዱ አስጊ ሆነ በተባለባቸው ወራት ማንም ከከተማ አይወጣም፤ እኔም አልወጣም። ይህን ማንም እንዲነግረኝ አልፈልግም። እኔ የምለው ሰላም ስለሆኑት ቀናት ነው። በእነዚያ ቀናት የስፖርት መምህራችን ማለዳ ማለዳ በቁምጣ ብቻውን ይሮጣል፤ ከየበሩ «ጎበዝ!» ይሉታል። እሱን የሸኘው ሰው የለም።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ይገባ ጀመር። አከራዬን አዳዳ እላቸዋለሁ፤ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው፤ እሳቸውም እንደ ወንድማቸው ልጅ ነው የሚያዩኝ። አንድ ማታ ሽንኩርት እየከተፉ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ሰው አገኘሽ እንዴ?» አሉኝ።

«የምን ሰው?»

«ካገኘሽ ቤት አምጪው። ጫካ ውስጥ ምን ያደርጋል? እኔ እኮ ሰው አልበላም።»

«የለም እኮ፣ አዳዳ።»

«እሺ፣ የለም» አሉ፤ አለ በሚል ድምፅ።

መውጫ ያገኘሁት ሳላስበው ነው። ቤት ውስጥ ውሃ የማጠራቅምበት ቢጫ ጀሪካን ከባለሱቁ ገዛሁና፣ ቤት ሳላደርስ በዚያው ወደ ወንዙ መንገድ ታጠፍሁ። ሽማግሌውን ከነአህዮቻቸው አገኘኋቸው። ጀሪካኑን አዩት።

«ውሃ ነው?»

«ውሃ ነው፣ አባባ።»

«በርቺ፣ ኢንተላ ኮ» ብለውኝ አለፉ። ልጄ ማለታቸው ነው። አለፉ! ቆሜ ጀርባቸውን አየሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀሪካኑ የይለፍ ወረቀቴ ሆነ። ማንም አልጠየቀኝም፣ ማንም አልሸኘኝም። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች እንኳ ድንጋዩ ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ይለቁልኛል እንጂ ወሬያቸውን አያቋርጡም። ኬላው ግንብ ላይ ተቀምጬ ጉሬዛዎቹ ከዶቅማ ዶቅማ ሲዘሉ አያለሁ። ዙሪያውን እሄዳለሁ። ባዶ ጀሪካን ይዤ ብመለስ እንደሚታወቅብኝ ስለማውቅ ውሃውን ከምር እቀዳለሁ፤ ዳገቱን ይዤው እወጣለሁ፤ እጄ እየተላጠ። ለብቻ ለመሆን የሚከፈል ከሆነ ይህ ርካሽ ነው ብዬ ነበር። ቤት ስደርስ ግቢው ጥግ ያለው የአቮካዶ ችግኝ ሥር አፈሰዋለሁ። ችግኙ በእነዚያ ወራት ጥሩ አደገ።

አንድ እሁድ አዳዳ ከዕድር ሲመለሱ ነጠላቸውን እንኳ ሳያወርዱ ጠሩኝ። ግቢው መሃል ወዳለው ቧንቧ ወሰዱኝና እስከ መጨረሻው ከፈቱት። ውሃው ሲሚንቶው ላይ እየተመታ ቀሚሴን አራሰው።

«ይኸው! ይፈሳል ወይስ አይፈስም?»

«ይፈሳል፣ አዳዳ።»

«ታዲያ እኔ መቼ ነው ውሃ የከለከልሁሽ?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«በሴቶቹ ሁሉ ፊት ምን እንደተባልሁ ታውቂያለሽ? ‹አስተማሪዋ ቅዳሜ ቅዳሜ ከወንዝ ትቀዳለች፤ ቧንቧውን ቆልፈሽባት ነው ወይ?› በዚህ ዕድሜዬ! እኔ ውሃ የምቆልፍ ሴት ነኝ?»

ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ያን ጊዜ እውነቱን ተናገርሁ። ውሃው እንዳላስፈለገኝ፣ መሄዱን ብቻ እንደፈለግሁ፣ ጀሪካኑ ሰዉ እንዳይጠይቀኝ እንደሆነ ነገርኋቸው። ድምፄ ከቧንቧው ድምፅ በታች ነበር፤ ግን ሰምተውኛል። ቧንቧውን ዘጉና እግሬን አዩ።

«እግርሽን ያምሻል?» አሉኝ።

«አያመኝም። ብቻዬን መሆን ስለምፈልግ ነው።»

«ብቻ መሆን በሽታ ነው፣ ልጄ» አሉ፤ ከምር አዝነው። ማታ ቅቤ አምጥተው እግሬን አሹልኝ። እግሬን ሰጥቼ ተቀመጥሁ። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ቤት እቀይር ነበር፤ ደግ ሰው ላይ ግን በር አይዘጋም። በማግስቱ ጀሪካኑን ለምድጃ የሚሆን ነጭ ጋዝ ሞሉት። ጋዝ የገባበት ጀሪካን ለውሃ አይሆንም፤ ያን ሁለታችንም እናውቃለን።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከወረዳ የመጡ ሰዎች በመንገዱ ላይ ነጭ ቀስቶች ቀቡ። ኬላው ግንብ አጠገብም ሰሌዳ ተተከለ፤ «የእግር ጉዞ መስመር» ይላል፣ በሁለት ቋንቋ። ለመክፈቻው ከነቀምቴና ከአዲስ አበባ እንግዶች እንደሚመጡ ተነገረን። መንገዱን የሚመራው የስፖርት መምህሩ እንዲሆን ተወሰነ። አስፋልቱን እንጂ የበቅሎውን መንገድ አንድም ቀን እንዳልረገጠው የመምህራን ክፍሉ ሁሉ ያውቃል፤ ቀስቱን ካየ አይጠፋም ተባለ። ርዕሰ መምህሩ ወደ እኔ ዞሮ «አንቺ ወንዙን ታውቂዋለሽ አሉ፤ ከሴቶቹ ጋር ሆነሽ ኬላው ጋ ውሃ ታቀርቢያለሽ» አለኝ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልሁ መሰለኝ፤ ፊቴ ሌላ ነገር አያውቅም።

እንግዶቹ ባዶ እጃቸውን መጡ። ጀርባቸው ላይ ካንጠለጠሏት ትንሽ ቦርሳ በስተቀር ማጭድ የለ፣ አህያ የለ፣ ልብስ የለ። ከተማው በሙሉ መንገድ ዳር ወጥቶ አጨበጨበላቸው። ሽማግሌውም አህዮቻቸውን ወደ ዳር ይዘው ያጨበጭቡ ነበር። አንዳቸውንም «ኤሳ ዴምታ?» አላሏቸውም።

ሰፊ ኮፍያ ያደረገች የእኔ እኩያ ልጅ ውሃውን ከእጄ ተቀብላ እየጠጣች ወደ ዶቅማዎቹ ተመለከተች።

«እንዴት ታድላችኋል! በፈለጋችሁ ቀን እዚህ መሄድ ትችላላችሁ እኮ።»

«አዎ» አልኋት።

ያም ሆኖ፣ ስናገረው አፍራለሁ፣ ሞኝ ነበርሁ፤ ተስፋ አደረግሁ። መንገዱ አሁን የመሄጃ መንገድ ነው፤ ተጽፎበታል፤ እንዲሁ መሄድ ሰው የሚጨበጨብለት ነገር መሆኑን ሁሉም በዓይኑ አይቷል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ምንም ሳልይዝ ወጣሁ። ቀስቶቹ ገና ደማቅ ነበሩ። ኬላው ልደርስ ስል ሽማግሌው ከፊቴ መጡ። ሲያዩኝ ቆሙ፤ ፊታቸው በድንጋጤ ተለወጠ።

«ኢንተላ ኮ! እንግዶቹ እኮ ሄደዋል። ባለፈው ሳምንት ነው የሄዱት።»

«አውቃለሁ፣ አባባ።»

«ትተውሽ ሄዱ?»

«ከእነሱ ጋር አይደለሁም። እነሱ እንደሄዱት፣ እኔም ልሄድ ነው።» ሰሌዳውን በእጄ አሳየኋቸው።

ሰሌዳውን አዩት። «እሱ የእንግዶች ነው» አሉ በርጋታ፣ ለሕፃን እንደሚናገር ሰው። «አንቺ የቤት ልጅ ነሽ።» ከዚያ እኔን ወደ ከተማው አዞሩኝ። ልጃቸው ሚስቱን ፈትቶ ሌላ ሊያገባ እያሰበ እንደሆነ እየነገሩኝ ወጣን።

አዳዳ በሩ ላይ ነበሩ። «ገላቶሚ! ገላቶሚ!» እያሉ የጠፋ ከብት እንደመለሰ ሰው ሽማግሌውን አመሰገኗቸው። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ፤ ምስጋናዬን እየጠበቁ። አመሰገንሁ። ምን ልበል?

አሁን ቅዳሜን ልብስ በማጠብ አሳልፋለሁ፤ ግቢ ውስጥ። አዳዳ በርጩማቸውን አምጥተው አጠገቤ ይቀመጣሉ፤ ብቻዬን እንዳልሆን። ቧንቧውንም እስከ መጨረሻው ይከፍቱልኛል፤ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሁሉ እንዲሰማው።