ከፈረሱ ውረጂ

ዛሬ በአራዳ ሳልፍ ከአንድ ጌም ቤት የጋለ ፕላስቲክ ሽታ መጣና ቀጥ አድርጎ አቆመኝ።

ከዓመታት በፊት ወንድሜ እዚሁ ሰፈር ጌም ቤት ነበረው። እኔ የማውቀው የኳሱን ብቻ ነው፤ ከሜዳው መውጣት የለም። አንድ ቅዳሜ አዲስ ጌም ከፈተልኝ። አንዲት ሴት ፈረስ ላይ ተቀምጣለች፣ ከፊቷ ማለቂያ የሌለው ተራራ። "የት ልሂድ?" አልኩት።

"ደስ ያለሽ ቦታ" አለኝ። ክው አልኩ።

ለገበያ ከአምባ ጊዮርጊስ የመጣው አጎታችን አያ ታከለ ከኋላዬ ተቀምጦ ያያል። ሽምጥ ስጋልብ ጣሪያው ላይ መስቀል ያለበት ቤት ደጅ ደረስኩ።

"ምነው፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ በፈረስ ይታለፋል? ውረጂ" አለኝ።

"አያ፣ ጌም እኮ ነው።"

"ደጁስ የማን ነው?"

ደንግጬ ያገኘሁትን ቁልፍ ተጫንኩ። ሴትዮዋ ወረደች። ልጓሙን ይዛ ቆመች፤ ፈረሱም አጎንብሶ ሣር መጋጥ ያዘ። መውረድ እንደሚቻል ማንም አልነገረኝም ነበር። ዞር ስል አያ ታከለ ጋቢውን አጣፍቶ ወደ ቴሌቪዥኑ ይሳለማል።

"ሸጋ። አሁን ሂጂ" አለኝ።

አያ ታከለ ዛሬ የለም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ስንት ጌም ስጫወት፣ ጠላት እያባረረኝ እንኳ፣ እንዲህ ባለ ደጅ በፈረስ አልፌ አላውቅም።