ከወይዘሮ ጠጅቱ የተቆረጠው

ሥራ የጀመርሁ ቀን የነርሶቹ አለቃ፣ ሜትሮኗ፣ ሁለት ባልዲ ሰጡኝ፤ ነጩ ለወለል፣ ቀዩ ለደም። «እናኑ፣ ሁለቱን ያቀላቀልሽ ቀን እኔና አንቺ እንለያያለን» አሉኝ። ከአንበሳሜ የመጣሁ፣ ፊደል ያልቆጠርሁ ሴት ነበርሁ። ፊደሉን ኋላ በመሠረተ ትምህርት ቆጠርሁት፤ ቀይና ነጭ ግን ያኔም እለይ ነበር። በዚያው ቀን ባሕር ዳር ውስጥ የአንድ ሆስፒታል የኦፕራሲዮን ክፍል ጽዳት ሠራተኛ ሆንሁ። ጡረታ እስክወጣም ከዚያ ክፍል አልወጣሁም።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ኦፕራሲዮን ሲያልቅ ትገቢያለሽ። የደም ጨርቁን ትለቅሚያለሽ፣ ወለሉን በበረኪና ትወለውያለሽ፣ ከሰው የወጣውን በቀዩ ባልዲ ይዘሽ በጓሮ በር ትወጫለሽ። ጓሮው ከሐይቁ ብዙ አይርቅም። ጉድጓዱ አፍ ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ራሰ በራቸውን ደፍተው፣ እንደ ዕድር ሽማግሌ ተኮልኩለው ይጠብቁኛል። እነሱን በድንጋይ ማባረርም ሥራዬ ነበር። ዛሬ እንግዳ ሲመጣ ፎቶ ያነሣቸዋል አሉ። እኔ እስካሁን ሳያቸው ድንጋይ እፈልጋለሁ።

እግር ወይም እጅ ሲቆረጥ ግን ሌላ ነው። ቤተ ዘመድ በአውራ ጣቱ ይፈርማል፣ አስተዳዳሪው ወረቀት ይሰጣል፣ የተቆረጠው ተጠቅልሎ በፊት ለፊት በር ይወጣና ቤተ ክርስቲያን ይቀበራል። የሙስሊሙም በራሱ መቃብር እንዲሁ። ይኸን የማያውቅ አልነበረም።

ወይዘሮ ጠጅቱ የመጡት በደርግ ጊዜ ነው። ሐሙሲት መንገድ ዳር ምግብ ቤት ነበራቸው፤ ጎንደር የሚመላለስ ሾፌር ሁሉ ያውቃቸዋል። «ጠጅቱ ስትገባ በሩ ይጠባል» ይባልላቸው ነበር። እኔ ሳያቸው ግን ፊታቸው እፍኝ አክሏል፣ አንገታቸው ሰልሏል። ቀሚሳቸው ሲነሣ የሆዳቸው ቆዳ እንደ ባዶ ስልቻ ጭናቸው ላይ ይወርዳል። ከሥሩ፣ ቆዳ ከቆዳ በሚገጥምበት፣ ቆስሎ ፈሳሹ አልደርቅ ብሏል። አውቶብስ ውስጥ ከአጎናቸው የተቀመጠው ሰው አፍንጫውን ይዞ ተነሥቶባቸዋል። ፈሳሽ አለብኝ እያሉም ቤተ ክርስቲያን ከደጀ ሰላሙ አያልፉም ነበር።

ሐኪሙ ወጣት ነበሩ፣ የሐረር ሰው። «መድኃኒት ብንቀባው ብንቀባው አይድንም፤ ቆዳው ከላዩ ይነሣ» አሉ። አስተዳዳሪው ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ሰማ። ስሙን አልጠራም። አንቱም አልለውም፤ ያኔ ብየዋለሁ፣ ይበቃዋል።

«ክርና ማደንዘዣው ለቁስለኛ ወታደር ነው የመጣው፤ ለወይዛዝርት ቁንጅና አይደለም» አለ።

«ይግቡና ይሽተቱት፣ ጓድ» አሉ ሐኪሙ። «ቁንጅና ቁንጅና ከሸተተዎት እተወዋለሁ።»

አልገባም። እሺ ማለትም ከበደው፤ እጁን አወናጭፎ ሄደ። ሐኪሙ ያንን እንደ ፈቃድ ቆጠሩት።

በዋዜማው አልጋቸው ሥር ስወለውል ወይዘሮ ጠጅቱ ክንዴን ያዙኝ።

«ልጄ፣ የሚቆርጡትን የት ነው የምትጥሉት?»

«በጓሮ ጉድጓድ አለ፣ እትዬ።»

«እነዚያ ወፎች ያሉበት?»

መወልወያዬን ግድግዳው ላይ አስደገፍሁ።

«ስሚኝማ። እኔን ያከሳኝ በሽታ አይደለም። አንድ ልጅ ነበረኝ፤ እዚሁ ባሕር ዳር ተማሪ ነበር፤ ወሰዱት። ስንቅ ሳመላልስ፣ ሳመላልስ ከርሜ፣ አንድ ቀን የእስር ቤቱ ዘበኛ ‹ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ› አለኝ። የዚያን ለት እህል ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ሬሳውን አልሰጡኝም። እንዳታለቅሺ ተባልሁ። ይኸ ሆድ እሱ የተኛበት ነው፤ ሌላ ከሱ የቀረኝ የለም። ይኸን ቅበሩልኝ።»

ከትራሳቸው ሥር የታጠፈ ነጠላ አውጥተው ሰጡኝ። የልጁ ነው። የክርስትና ስሙንም በጆሮዬ ነገሩኝ።

በማግስቱ ሐኪሙ በሐምራዊው የቁስል መድኃኒት ሆዳቸው ላይ ከጎን እስከ ጎን መስመር አሠመሩ፤ በሩ ተዘጋ። ቆርጠው መስፋት ሲጀምሩ ባልዲዬን ይዤ ገባሁ። የተቆረጠው በብረት ትሪ ላይ ተቀምጧል። ቁስል አጣቢው ድሬሰር ጫፉን በወረንጦ አንሥቶ «አቤት! ይኸስ ለአንድ ነጋሪት ይበቃል!» አለ። አጠገቡ የቆሙት ሁለት ረዳቶች ሳቁ። ሐኪሙ ከስፌታቸው ቀና ሳይሉ «ውጣ» አሉት። ሳቁን ይዞ ወጣ። እኔ ቁጡ ሴት አይደለሁም፤ ዶሮ እንኳ እሽ ብዬ አላስደነግጥም። ያንን ሳቅ ባስታወስሁ ቁጥር ግን ዛሬም ጥርሴ ይንቀጫቀጫል።

ትሪውን በነጠላው ሸፍኜ፣ ሜትሮኗን አስጠብቄ፣ አስተዳዳሪው ቢሮ ገባሁ።

«ጓድ፣ ለቀብር የሚሆን ወረቀት ፈልጌ ነው።»

«ማን ተቆረጠ? እግር ነው እጅ?»

«የሆድ ቆዳ ነው። የወይዘሮ ጠጅቱ።»

ወንበሩ ላይ ተለጥጦ ሳቀ። «ቁርበት ልትቀብሪ? ነገ ደሞ የተነቀለ ጥርስ በፍትሐት ይሸኝልኝ ልትይ ነው። ጓዲት እናኑ፣ አብዮት ላይ ነን እኮ! ቆሻሻ ነው።»

«ቆሻሻ ነው ይላሉ፣ ጓድ?»

«ነው አልኩሽ! ለቆሻሻ ወረቀት አልፈርምም። ውጪ።»

ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ እንደቆምሁ ንዴቱ ዓይኔን አጨለመው። ባለቅስ ደስ ይለው ይሆናል፣ አላለቅስም አልሁ። ከዚያ ነገሩ ዞሮ ገባኝ። እግር ቢሆን የሱ ነው፤ ፊርማውም ወረቀቱም የሱ። ቆሻሻ ከሆነ ግን የኔ ነው። እዚህ ቤት ቆሻሻ የሚደፋው ማን ነው? እናኑ ናት። የት ደፋሽው ብሎ የጠየቃት ማን አለ?

ቀዩን ባልዲ በበረኪና አጠብሁት፤ ደግሜ አጠብሁት። የተቆረጠውን በነጠላው ገንዤ አስተኛሁበትና በጠራራ ፀሐይ ወደ ፊት ለፊቱ በር ሄድሁ።

«እናኑ፣ ምን ይዘሻል?» አለ ዘበኛው።

«ቆሻሻ።»

«የቆሻሻ መንገድ በጓሮ አይደል?»

«አስተዳዳሪውን ጠይቃቸው፤ ቆሻሻ ነው ብለዋል።»

ጎንበስ ብሎ አየ። «ቆሻሻ ነጠላ ይለብሳል እንዴ?»

«የዛሬው ይለብሳል።»

ቀና ብሎ ፊቴን አየኝ። ሌላ አልጠየቀም። በሩን ከፈተልኝ፤ ሳልፍም ቆቡን አወለቀ።

በፋሲሎ ሰፈር በኩል ካለች ቤተ ክርስቲያን አንድ ሽማግሌ ቄስ አገኘሁ። «ይፍቱኝ አባ» ብዬ፣ ከአንዲት ሴት ሆድ በኦፕራሲዮን የተቆረጠ ቆዳ መሆኑን ነገርኋቸው።

«የክርስቲያን ሥጋ ነው፣ ይቀበራል። ሴትዮዋ አለች?»

«በሕይወት አሉ።»

«እንግዲያ ጸሎቱ አጭር ነው። የክርስትና ስሟ ማን ነው?»

«ኃይለ ሚካኤል።»

«የወንድ ስም ነው እኮ፣ ልጄ። የሴት ሥጋ ነው አላልሽኝም?»

«የሴት ነው፣ አባ። የሚጸለይለት ግን ኃይለ ሚካኤል ነው።»

ባልዲውን አዩ። ነጠላውን አዩ፤ የወንድ ነጠላ ነው።

«ስንቁ ተመልሶባት ነው?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አዎ አባ።»

ከዚያ በኋላ አጭር ጸሎት የሚባል አላነሡም። እኔ ጉድጓዱን ስቆፍር እሳቸው ፍትሐቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደረሱለት። ድምፃቸው ከአጥሩ አላለፈም፤ ከአጥሩ ውጭ ጆሮ ብዙ ነበር።

ተመልሼ ወደ አልጋቸው ሄድሁ። ወይዘሮ ጠጅቱ ማደንዘዣው ለቋቸው ዓይናቸው በሩ ላይ ነው።

«ማን ብለው ጠሩት?»

«ኃይለ ሚካኤል ብለው። ሙሉ ፍትሐት ነው፣ እትዬ።»

ያን ጊዜ ለቅሶው መጣ። ከሆድ ነው የመጣው፤ ከተሰፋው ሆድ። ተረኛዋ ሲስተር እየሮጠች መጣች። «እናቴ፣ ስፌቱ ይፈታል! ምን ሆኑብኝ?»

«አመመኝ» አሉ። «አመመኝ፣ ልጄ፤ በጣም አመመኝ።»

ለሕመም ማልቀስ አልተከለከለም ነበር። ትራስ ሆዳቸው ላይ አድርጌ፣ ስፌቱ እንዳይሳብ በሁለት እጄ ደገፍሁላቸው። እስኪወጣላቸው አለቀሱ። ስፌቱ አልተፈታም።

ቁስላቸው ደርቆ ሐሙሲት ሳይመለሱ ያችን ቤተ ክርስቲያን አሳየኋቸው። ደጀ ሰላሙን አልፈው ገቡ። እኔ ግን ዛሬም አልበረደልኝም። እናት ልጇን ለመቅበር ሆዷ እስኪቆረጥ ትጠብቅ? ይኸን የፈረዱባት ሰዎች በሰላም አርጅተው ይሆናል፤ እኔ አልማርኋቸውም።

አዲስ የሚቀጠሩ የጽዳት ልጆች ስለ ሥራው ይጠይቁኛል፤ ሁለት ነገር እላቸዋለሁ። ቀዩን ባልዲ ከነጩ አታቀላቅሉ። ከሰው ገላ የወጣውን ከመድፋታችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ።