አስር አለቃ ሀዲስና የዛላምበሳ ድንበር

አስር አለቃ ሀዲስን ስለ ዛላምበሳ ድንበር የጠየቀ ሰው የዕለቱን ሥራ እርግፍ አድርጎ መተው አለበት። የመንዟ ቀየት ሰው ይህን ስለሚያውቅ አይጠይቅም፤ ምን ዋጋ አለው፣ ሀዲስ ሳይጠየቅም ይናገራል። ሰንበቴ ላይ ጠላው ገና ሳይቀዳ ቆሎውን ጠረጴዛው ላይ በረድፍ ይደረድርና ይጀምራል። «ይኸውላችሁ ድንበሩ! ወዲህ እኛ፣ ወዲያ ኤርትራ። የዛሬ መቶ ዓመት ከጣሊያን ጋር ውል ተፈረመ፤ መሬት ላይ ችካል የተከለ ግን የለም። ጉዱ የመጣው ከዚያ ነው።» ከጦርነቱ በኋላ የውጭ አገር ዳኞች ካርታ ላይ ያሰመሩትን መስመር ሊያሳይ ጎንበስ ሲል፣ መሪጌታ ገብረ ክርስቶስ ድንበሩን ቆርጥመው ጨርሰውታል።

«መሪጌታ፣ የበሉት እኮ ዛላምበሳን ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ ልጄ፣ አንተ ስታወራ ይርበኛል።»

ወሬው ውሸት የለበትም። ወጣት ወታደር ሆኖ ዛላምበሳ ሰፍሮ ሳለ ድንበሩ በር እንደሌለው ግቢ ነበር። ከማዶ፣ ከሰንዓፈ፣ እንቁላል ልትሸጥ የመጣችውን ለተብርሃንን አይቶ ወደዳት፤ አገባት። ዓመት ሳይሞላቸው ጦርነቱ ፈነዳ። እሱ ምሽግ ገባ፤ እናቷ ወዲያ ማዶ ቀሩ። ከሠራዊቱ ሲሰናበት ሚስቱን ይዞ መንዝ ገባ። ጦርነቱ ከፈነዳ ወዲህ ለተብርሃን ሃያ ዓመት ሙሉ የእናቷን ድምፅ እንኳ አልሰማችም። እሱ የድንበሩን ወሬ ሲጀምር እሷ በግ ላስገባ ብላ ትወጣለች፣ በጎቹ ገብተው ቢሆንም።

በ2011 ዕንቁጣጣሽ ድንበሩ ተከፈተ ተባለ። ለተብርሃን ለእናቷ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ጠቅልላ ተነሳች። ሀዲስ ጥቅሉን በገመድ እያሰረላት አሰበ። እናት ከተገኘች በኋላ ወደዚህ ብርድ ማን ይመለሳል? ትመለሻለሽ ወይ ብሎ መጠየቅ ደግሞ ለወታደር ነውር መሰለው። ስለዚህ የውሉን ታሪክ ከሀ እስከ ፐ ያስረዳት ጀመር።

«ጨረስክ?» አለችው።

«አልጨረስኩም።»

«እንግዲያው ስመለስ ትጨርሳለህ።» ሄደች።

መስቀል አለፈ፣ ኅዳር ሚካኤልም አለፈ። ስልክ የለ፣ መልእክት የለ። ታኅሣሥ ላይ ድንበሩ ተመልሶ ተዘጋ የሚል ወሬ መጣ። ዕድሜ ልኩን «ጥበቃው ይጠናከር» ሲል የኖረ ሰው፣ የዘጋውን እየረገመ ስንቅ ቋጠረ።

«ወዴት ነው?» አሉ መሪጌታ።

«ሰንዓፈ።»

«ተዘግቷል እኮ!»

«ሁለት ዓመት የተኮስኩበት አገር ነው፤ መንገዱ አይጠፋኝም።»

«አበስኩ ገበርኩ» አሉና አማተቡ።

ከደብረ ብርሃን የመጣው አውቶቡስ ሰው አራግፎ ሊመለስ ነው። ሀዲስ ሊሳፈር ሲጋፋ በሩ ላይ ከለተብርሃን ጋር ግንባር ለግንባር ተላተመ። ከኋላዋ ባና የደረቡ አሮጊት ቆመዋል።

«ሳይዘጋ ወጣን» አለችው። «እማዬን እግሯን አሟት መቀሌ ሐኪም ቤት አስተኝቻት ነበር። ስልኬንም ሰረቁኝ።»

ሀዲስ እንኳን ደህና መጣሽ ሊል ቢሞክር እንባው ቀደመው። አሮጊቷ ግን እሱን እያዩ ልጃቸውን ጠየቁ። «ያኔ ከወዲህ ሲተኩስብን የነበረው ይሄ ነው?»

«አዎ እማዬ፣ ይሄ ነው።»

ሀዲስ ስንቁን መሬት አስቀመጠ። «ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ» አለ።

አሮጊቷ ከላይ እስከ ታች አዩት። «እግሬን ያመኛል። ና እዘለኝ።»

አጎንብሶ አዘላቸው። ዳገቱን ሲወጣ ጣሪያቸው እንዴት እንደተበሳሳ፣ ላማቸው እንዴት እንደሞተች፣ ሌሊት ሌሊት የት ዋሻ ያድሩ እንደነበር ጆሮው ሥር ነገሩት። ሀዲስም እስከ ቤቱ ደጃፍ ድረስ ዝም ብሎ ሰማ።