ሦስተኛ የወጣሁበት ዓመት

አባቴ በአማርኛ ፊደል ማንበብ አይችልም ነበር። ይህን ስል ያልተማረ ነበር ማለቴ አይደለም። ጎንደር ውስጥ ቁርኣን ቤት ያደገ ሰው ስለነበረ ዐረብኛውን ከቀኝ ወደ ግራ ሳይደናቀፍ ያነባል። ከአያቱ ጀምሮ ጨርቅ ነጋዴዎች ስለነበሩም ቁጥር ጠንቅቆ ያውቃል። ሀሁ ግን ያስቆጠረው ሰው አልነበረም። ስለዚህ በየዓመቱ ሰኔ መጨረሻ ላይ ካርዴን ይዤ ስመጣ፣ ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ መሀል ለእሱ የሚናገረው ቁጥሩ ብቻ ነበር። ከቁጥሮቹም የሚፈልገው አንዱን፣ ደረጃዬን ነው።

አፈላለጉ የራሱ ነበር። ካርዱን ባንኮኒው ላይ ይዘረጋና ዓይኑን ከታች፣ ከቀኝ ጥግ ያስጀምረዋል። በትምህርት ቤታችን ካርድ ላይ የመጨረሻው መስመር ደረጃ ስለነበረ አራት ዓመት ሙሉ የሚፈልገውን እዚያው አገኘ። ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ አራት፣ ሠላሳ፣ ሠላሳ ሁለት። "አልሐምዱሊላህ፣ አልፈሻል" ይልና ካርዱን አጥፎ ከጨርቅ ጥቅሎቹ በላይ ካለው መደርደሪያ ያስቀምጠዋል። ከዚያ በኋላ ስለ ትምህርት እስከሚቀጥለው ሰኔ አይነሣም።

አምስተኛ ክፍል በጨረስኩበት ዓመት ትምህርት ቤቱ አዲስ ካርድ አሳተመ። ደረጃ ከፍ ብሎ ከአማካይ ውጤት ጎን ገባ፤ በመጨረሻው መስመር ላይ ደግሞ ተማሪው ከትምህርት የቀረባቸው ቀናት ብዛት መጻፍ ጀመረ። ደረጃዬ ሃያ ሰባት ነበር። የቀረሁባቸው ቀናት ሦስት።

ሦስቱ ቀናት አባቴ ከመተማ ሲመለስ ወባ ይዞት የተኛባቸው ናቸው። ታላቅ ወንድም አልነበረኝም። እናቴ እሱን ስታስታምም ሱቁ እንዳይዘጋ እኔ ተቀመጥኩ።

አባቴ ካርዱን ዘረጋ። ጣቱ እንደ ልማዱ ወደ ታችኛው ቀኝ ጥግ ሄደ። ቆመ። አነሣው፤ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደው። ከዚያ ከኪሱ ልብስ ሰፊዎች የሚያሰምሩበትን ሰማያዊ ጠመኔ አውጥቶ ቁጥሩን ከበበው።

"ሦስተኛ!" አለ። "ልጄ ሦስተኛ ወጣች!"

በረንዳችን ላይ የስፌት ማኪናውን ተክሎ የሚሠራ ልብስ ሰፊ ነበረን። ክርስቲያን ነው፤ ከአባቴ ጋር ሲቀላለዱ ነው የሚውሉት። ማኪናውን አቆመ።

"ማ? ይቺ? ትናንት በመርፌ ክር ላስገባ ብላ ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት የፈጀባት?"

"ቅናት ነው። የአንተው ስንተኛ ወጣ?"

"የኔውማ ገና ተቆጥሮ አላለቀም።"

አባቴ ሳቀና ካርዱን አቀበለው። ልብስ ሰፊው ፊደል ያውቃል። የደንበኞችን ስም በየቁራጩ ጨርቅ ላይ የሚጽፈው እሱ ነው። ካርዱን ከላይ እስከ ታች አየው። ከዚያ በመነጽሩ በላይ እኔን አየኝ። እኔ የማኪናውን መርገጫ እያየሁ ነበር።

"ሸጋ ነው" አለና መለሰለት።

አባቴ ለበዓል ያስቀመጠውን አረንጓዴ ጨርቅ አውርዶ ቆረጠልኝ። ልብስ ሰፊው ለካኝ። ከሦስት ቀን በኋላ ቀሚሱን ሲሰጠኝ "ሰፋ አድርጌዋለሁ፤ ትደርሽበታለሽ" አለኝ።

ለማረም ጊዜ አልነበረኝም ልል አልችልም። ቁጥሩን ሲከብ መናገር እችል ነበር። ጨርቁን ከመቁረጡ በፊት መናገር እችል ነበር። ማታ እራት ላይ እናቴ "እስኪ እውነት በይ፣ እንዴት ሆነልሽ?" ስትለኝም እችል ነበር። በማግስቱ የጨርቅ ተራው ሰው ሁሉ ሰማ፤ ከዚያ ወዲያ መናገር የእኔ ብቻ ጉዳይ አልሆነም፤ እሱን በሰው ፊት ማሳፈር ሆነ። ይህን ያኔ በዚህ ቃል አላሰብኩትም። ዝም አልኩ እንጂ።

ስድስተኛ ክፍልን እንደ ዕዳ ከፋይ አጠናሁ። ሒሳብ የማያሳስበኝ ቀን አልነበረም። አንድም ቀን አልቀረሁም። ሰኔ ላይ ካርዱን ስቀበል ዘጠነኛ ወጥቻለሁ። ከሃያ ሰባት ወደ ዘጠኝ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ዓመት አልነበረኝም። ከትምህርት ቤት እስከ ሱቅ ሮጬ ነው የመጣሁት።

አባቴ ጣቱን ከታች ቀኝ ጥግ አስቀመጠ። እዚያ ዜሮ ነበር።

"ምነው? ምንድን ነው ይኸ?" አለ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ።

"ዘንድሮ ቦታውን ቀይረውታል" አልኩና ጣቱን ይዤ ዘጠኙ ላይ አሳረፍኩት። አፍ አውጥቼ የዋሸሁት ያን ቀን ነው።

ዘጠኙን ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ራሴን ደባበሰኝ። "አይዞሽ" አለኝ። "ሰው ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ለከርሞ አላህ ያውቃል።" ማታ እናቴን "አትቆጫት፤ ደክማለች" ሲላት ሰማሁት።

በሕይወቴ አንድ ጊዜ ሰው የሚኮራበት ውጤት ይዤ ገባሁ፤ አባቴም አጽናናኝ። አባቴ ወደ አኼራ ከሄደ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ስለ እሱ ብዙ የምናፍቀው ነገር አለ፤ ከሁሉ ግን ያ ዘጠነኛ የወጣሁበት ከሰዓት በኋላ ቢመለስልኝ እላለሁ። ካርዱን ከላይ ጀምሬ፣ ሒሳብ ይኸን ያህል፣ አማርኛ ይኸን ያህል፣ ዓምና እዚህ ነበርኩ፣ ዘንድሮ እዚህ ደረስኩ እያልኩ ባነብለት።

የገባሁበት ሥራ ማጣራትና ማረም ሆነ። ሃያ ስድስት ዓመት ዜና ጽፌያለሁ። ስንት ሰው እንደተገኘ፣ ድልድዩ ስንት ሜትር እንደሆነ ሳላጣራ አላልፍም። ተሳስቼ የጻፍኩትን በማግስቱ አርሜያለሁ። ያቺን ሦስት ግን ለማንም አላረምኳትም።

በቅርቡ በአካባቢያችን ያሉ የተወሰኑ ትምህርት ቤቶች ካርዳቸውን እንደለወጡ ሰማን። ደረጃ ቀረ። አማካይ ቀረ። በየትምህርቱ ሥር ልጁ ሊችላቸው የሚገቡ ነገሮች በዓረፍተ ነገር ተዘርዝረው፣ ከእያንዳንዱ ፊት "ይችላል"፣ "በመለማመድ ላይ ነው" ወይም "ድጋፍ ያስፈልገዋል" በሚሉ ሦስት ሣጥኖች በአንዱ ምልክት ይደረጋል። ስለዚሁ ለጋዜጠኞች መግለጫ የሰጠው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ "ልጅ ከልጅ ጋር ሳይሆን ከትናንት ራሱ ጋር ይወዳደራል" አለ። ማንበብ የማይችሉ ወላጆችስ ብዬ ጠየቅኩ። "መምህራኑ ያስረዳሉ" አለኝ። ሁለቱንም ጻፍኩ። ከዚያ ሲያስረዱ ለማየት፣ መንገዱ ክፍት በሆነበት ሳምንት፣ ኮሶዬ አጠገብ ወዳለ አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት ወጣሁ።

ካርድ የሚሰጥበት ቀን ነበር። ጉም ወርዶ ግቢው ጭቃ ሆኗል። ወላጆቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከክፍሉ ውጭ ግድግዳውን ተጠግተው ቆመዋል። መምህሯ ወጣት ናት፤ ድምፅዋ ጠፍቷል። ስልሳ አራት ተማሪ አላት፤ ለእያንዳንዱ ያን ሁሉ ምልክት ስታደርግ ሳምንት እንዳልተኛች ነገረችኝ። ስታስረዳ በደንብ አስረዳች። ስትጨርስ ከኋላ አንዱ፣

"እንግዲህ ሁሉም አንደኛ ወጣ በሉና!" አለ።

"ወይም ሁሉም ውራ!" አለው ጎኑ ያለው።

ሳቁ ሳይበርድ አንድ በዕድሜ ገፋ ያሉ ገበሬ ወደ እኔ መጡ። ካርዱን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆናት ልጃቸው ከኋላቸው ቆማለች።

"እታለም፣ ጋዜጠኛ ነሽ አሉ። ፊደሉን ታውቂዋለሽ አይደል?"

"አውቀዋለሁ፣ አያ።"

"እንግዲያ ይኸን አንብቢልኝ። ስንተኛ ናት?"

"እሷ አታነብልዎትም?"

"ታነባለች። ግን የራሷ ነገር ነው፤ ሰው ለራሱ ይመሰክራል?"

ልጅቱ ወደ ጭቃው አየች። ሰውየው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጉዳያቸውን ነገሩኝ። ይህ ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ላይ ያበቃል። አምስተኛን ለመማር አምባ ጊዮርጊስ መሄድ ነው። እኅታቸው እዚያ ዳቦ እየጋገረች ትሸጣለች፤ ልጅቱን ላኩልኝ፣ ከእኔ ጋር ትማር ብላለች። እሳቸው ደግሞ ባለፈው ሰንበቴ ላይ፣ እስከ አምስተኛ ከወጣች እልካታለሁ፣ አለዚያ እዚሁ ከእናቷ ጋር ትሆናለች ብለው ሰው ፊት ተናግረዋል።

"ቃል ሰጠሁ። አሁን ቁጥሩን አጠፉብኝ። እስኪ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ይኸን ሁሉ አይተሽ ስንተኛ እንደሆነች ቁረጪልኝ።"

እውነቱን ለመናገር "ሦስተኛ" የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ማንም አያጣራውም። ልጅቱ ትሄዳለች፤ አባት ደስ ብሎት ይገባል። ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

"አያ፣ ደረጃ የለውም። ያለውን እንዳለ ላንብብልዎት።"

ከላይ ጀምሬ አነበብኩ። ጽሑፍ አንብባ ሐሳቡን በራሷ ቃል ትናገራለች፤ ይህን ትችላለች። ደብዳቤ ትጽፋለች፤ ትችላለች። ያልገባትን ትጠይቃለች፤ ትችላለች። ማካፈል፤ በመለማመድ ላይ ናት። እሳቸው በእያንዳንዱ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ክፍልፋይ ላይ ደረስኩ።

"ድጋፍ ያስፈልጋታል ይላል።"

"የምን ድጋፍ? እህል ነው?"

"አይደለም። አልገባትም፤ የሚያግዛት ሰው ትፈልጋለች ማለት ነው።"

የቀሩትን መስመሮች አንብቤ ጨረስኩ። ካርዱን ልመልስላቸው ስል እጄን ያዙኝና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"ነይ እስኪ። አሁን አንቺ አንብቢው። እሷ ያለችውን ትደግሚው እንደሁ አያለሁ።"

ልጅቱ ካርዱን ተቀበለች። ከላይ ጀመረች። ጥሩ ታነባለች፤ ጉም ውስጥ የቆሙት እስኪሰሙ ድረስ። ማካፈል ላይ ድምፅዋ ቀነሰ። ክፍልፋይ ላይ ቆመች። አባቷ አላጣደፏትም። እኔም ማስታወሻዬን ወደ ኪሴ መለስኩ።

"ክፍልፋይ" አለች። "ድጋፍ ያስፈልጋታል።"

ከዚያ ወደሚቀጥለው መስመር አልፋ እስከ መጨረሻው ወረደች።

ሰውየው ትንሽ አሰቡ። "አልዘለለችውም" አሉ፤ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላወቅኩም። ካርዱን ወስደው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት። ሲቀልድ የነበረው ሰው ከኋላ፣

"እና ስንተኛ ሆነች?" አለ።

"መንገደኛ ሆነች" አሉት። "ክፍልፋዩን እኅቴ ታስተምራታለች። አንዱን ዳቦ ለስንት ስትቆርስ ነው የምትውለው።"

ልጅቱ አልሳቀችም። አባቷን ቀና ብላ አየቻቸው። ያን አስተያየት ልጽፈው አልሞክርም።

ወደ ጎንደር ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ዜናውን ጨረስኩ። አጭር ነው፤ የኃላፊው ቃል፣ የመምህሯ ድካም፣ የወላጆች ጥያቄ። አንዳንድ ወላጆች ደረጃው እንዲመለስ እንደሚፈልጉም ጻፍኩ፤ እውነት ነውና። የልጅቱን ንባብ አላስገባሁትም።

ቤት ስገባ የአባቴን ካርዶች አወጣሁ። አስቀማጩ እሱ ስለነበረ የእሱ ካርዶች ነው የምላቸው። የአምስተኛ ክፍሉ ጥግ ላይ ሰማያዊው ክብ አሁንም በትንሹ ይታያል። የስድስተኛው ላይ ምንም የለም። ጮክ ብዬ ላነበው ፈለግኩና ተውኩት፤ የሚሰማኝ ሰው አልነበረም። ተመልሼ አምስተኛውን ያዝኩ። እሱ ከሚጀምርበት፣ ከታች ከቀኝ ጀመርኩ። ቀሪ፣ ሦስት ቀን።

ሦስቱንም ቀን በእሱ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ሱቁን ከቤታችን የሚለየው አንድ መጋረጃ ነው። በሩ ላይ ሰው በቆመ ቁጥር ከመጋረጃው ጀርባ፣ ጥርሱ በብርድ እየተንገጫገጨ፣ "ማን ነው የመጣው?" ይለኛል። እኔም ማን እንደመጣ፣ ምን እንደጠየቀ፣ ስንት ሜትር እንደወሰደ፣ አንድም ሳላጎድል እነግረው ነበር።