የሉሊት ነበር

ሉድሚላ የሚለው ስም ለአማቷ ለእማማ ተሻለች ምላስ ስላልተመቸ፣ ሩሲያዊቷ ሙሽራ አዲስ አበባ በገባች በሳምንቷ ሉሊት ተብላ ቀረች። ስሙን ወደደችው። አማርኛውንም ወደደችው፤ አንዲት ቃል ብቻ አልገዛላት አለች፦ «ነበር»። ያለውንም የሌለውንም፣ የቆመውንም የሄደውንም በነበር ትጨርሰው ነበር።

ልጇ ናቲ ገና ዳዴ ሲል፣ አንዲት እንግዳ፣ ልጅ እንዳላት ብትጠይቃት ኮራ ብላ «አዎ፣ ልጅ ነበረኝ» አለች። እማማ ተሻለች የያዙትን ሰፌድ ጥለው ተነሡ።

«አታሟርቺ። ልጅ አለኝ በዪ።»

«አለኝ።»

«ሙሉውን።»

«ልጅ አለኝ።»

አሮጊቷ እንትፍ እንትፍ አሉ። ሉሊትም በአገሯ ወግ በግራ ትከሻዋ በኩል እንትፍ ብላ የበሩን እንጨት አንኳኳች። ሁለት ሴቶች በሁለት አገር ልማድ አንድ ክፉ ነገር ከደጃፍ መለሱ። የመለሱት መሰላቸው።

እማማ ተሻለች ያን ያህል የደነገጡት ያለምክንያት አልነበረም። ሉሊት ናቲን አርግዛ ሳለች መድረክ ላይ ወጥታ፣ ልጇን ውኃ የወሰደባት እናት ሆና ተጫውታ ነበር። ሆዷን በነጠላ ሸፍና፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ ሙሾዋን ስታወርድ አዳራሹ በእንባ ይርስ ነበር።

*ውኃውን ጠይቁት፣ ያያል እንደ ሰው፤*
*ልጄን ወዴት ወስዶ ምን አለበሰው።*

አማቷ ያን ቴአትር አንድም ቀን አላዩትም። በሆድ ያለ ልጅ ይሰማል ብለው ደጋግመው ለምነዋት ነበር። እሷ ግን ተዋናይ ናት። ከቮልጋ ወንዝ ዳር ተነሥታ ሌኒንግራድ ቴአትር የተማረች፣ በሃያ ሁለት ዓመቷ ፊልም የሠራች ናት። በዚያ ፊልም ላይ የባቡር ትኬት ሻጭ ሆና ከመስኮት ወዲያ ትታያለች፤ ተመልካቹ ያቺ ልጅ ከመስኮቱ እንድትወጣ ይመኛል፤ ፊልሙ ያልቃል፤ አትወጣም። ያወጣት ባሏ ገብረመድህን ነው፤ የውኃ ምሕንድስና ይማር የነበረ፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ኢትዮጵያዊ።

የመርዶን ነገር ያስተማራት የቴአትሩ አዘጋጅ አበጋዝ ነበር። መርዶ ጎህ ሲቀድ እንደሚነገር፣ ከዚያ በፊት ሰውየው እህል መቅመሱ እንደሚጣራ፣ በባዶ ሆድ መርዶ እንደማይነገር ነገራት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያላትን ግን ዕድሜ ልኳን አልረሳችውም።

«መርዶ የያዘ ሰው ከእኛ የበለጠ ተዋናይ ነው፣ ሉሊትዬ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይሳሳታል፤ ፍቅር ያበዛል።»

መንግሥት ሲለወጥ ሉሊት፣ ባሏና ናቲ ወደ ሆላንድ መጡ። ገብረመድህን ሄግ ላይ ትራም እየነዳ አረጀ፤ አርፎም እዚያው ተቀበረ። እሷ ቀን ቢሮ ታጸዳለች፤ አልፎ አልፎ አምስተርዳም ተጠርታ በቴሌቪዥን ድራማ ሩሲያዊት ትሆናለች። ወይ ትገድላለች ወይ ትሞታለች፤ ሦስተኛ ነገር ጽፎላት የሚያውቅ የለም እያለች ትስቃለች። አሁን እዚያው ሄግ፣ ትራንስቫል ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ናት። ናቲ ከሚስቱ ከሐምራዊት ጋር ሮተርዳም አጠገብ፣ ቭላርዲንገን ይኖራል፤ ትልልቅ መርከቦችን ወደ ወደብ በምትጎትት ጀልባ ላይ ይሠራል። ውኃ የሚለው ቃል ከእንጀራው ጋር ከተጣበቀ ጀምሮ፣ ሉሊት ስልክ በዘጋች ቁጥር እንጨት ታንኳኳለች።

በዚህ ኅዳር የሮተርዳም ኢትዮጵያውያን ሴቶች ማኅበር ያን የጥንቱን ቴአትር እንድትጫወትላቸው ለመናት። የማኅበሩ ሰብሳቢ አበባይሽ፣ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞረች የምትንከባከብ፣ ሳቋ ከደረጃው በታች የሚሰማ ሴት ናት። ሉሊት እምቢ ልትል አፏን ከፍታ እሺ አለች። ተዋናይ እንዲህ ነው፤ ሚናው ሲጠራው እግሩ ቀድሞ ይነሣል።

ቅዳሜ ሊታይ ሰኞ ዕለት አበባይሽ ደወለች። የአዳራሹ ጣሪያ ስላፈሰሰ ቴአትሩ ለሌላ ጊዜ ተላልፏል አለች። ሳቋ የለም። ሉሊት ስልኩን እንደዘጋች ያለወትሮዋ ወደ አዳራሹ ደወለች፤ አንዲት ሆላንዳዊት ልጅ ጣሪያው ደኅና እንደሆነ፣ ቀኑን ግን ሴቶቹ ራሳቸው እንደሰረዙት ነገረቻት።

ለናቲ ደወለች። ስልኩ ሳይጠራ ያቺ የማሽን ድምፅ መጣች። ለሐምራዊት ደወለች። ባሕር ላይ ነው፣ ኔትወርክ የለም፣ ሲመለስ ይደውላል አለቻት። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ከዚህ በፊትም እንዲህ ሆኖ ያውቃል። ግን ድምጿ ቀጥ ያለ ነበር። ሐምራዊት ስትናገር ዓረፍተ ነገሯን የማትጨርስ ልጅ ናት፤ ያን ዕለት ግን እያንዳንዱን እስከ አራት ነጥቡ አደረሰችው። ሉሊት በቃል የተጠና ነገር ስትሰማ ታውቃለች።

በማግሥቱ ገበያ ወጣች። ሁልጊዜ በርበሬ የምትሸጥላት ፋናዬ ከሁለት ሴቶች ጋር ታወራ ነበር፤ ሉሊትን ስታይ ወሬው እንደ ሬዲዮ ተዘጋ። ከዚያ ሦስቱም ሳሟት። አንዷ አንገቷ ሥር ገብታ ቆየች። ሉሊት የሴትየዋ ትንፋሽ ሲንቀጠቀጥ በጆሮዋ ሰማች፤ የአበጋዝም ድምፅ አብሮ መጣባት። *ፍቅር ያበዛል።* የገዛችውን ሳትይዝ ወደ ቤቷ ሄደች።

ሰማዩ ወርዶ ጣሪያ ላይ ተኝቷል። ነፋሱ ከባሕሩ በኩል እየመጣ የመስኮቱን የጠርዝ ጎማ ያስፏጫል። መድረክ ላይ ማፏጨት በሩሲያ ነውር ነው፤ ቤቱን ባዶ ያደርጋል ይላሉ። ተነሥታ ክፍተቱን በፎጣ ወተፈችው። ማፏጨቱ ቀጠለ።

ዐርብ ከሰዓት አበባይሽ ምግብ ይዛ መጣች። ድስቱን አስቀምጣ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ ይብሉ ትላለች።

«ከሳ ብለዋል እኮ፣ እትዬ ሉሊት። እህል ይቅመሱ እንጂ።»

«ለምንድነው ሁላችሁ ስለ ሆዴ የምታስቡት?»

«ወግ ነዋ። ናቲ ራሱ እናቴ አትበላም እያለ ያማልዎት አልነበር? እሱ እኮ ጥሩ ልጅ ነበር።»

ቃሉ ከአፏ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ሉሊት ማንኪያዋን አስቀመጠች። አርባ ዓመት ሙሉ በዚያች ቃል የታረመችው እሷ ናት፤ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ሴት ስትስት ሰምታ አታውቅም።

«ነው በዪ» አለቻት ቀስ ብላ።

አበባይሽ የድስቱን ክዳን አስተካከለች።

«ጥሩ ልጅ ነው በዪ፣ አበባይሽ።»

«ነው» አለች አበባይሽ። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ፎጣውን አየች፤ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረች። አወራች፣ አወራች። ሉሊትም ስለ ዝናቡ መለሰችላት፤ ያቺን ሴት ከዚያ ወንበር ላይ በደኅና ማስነሣት የሷ ሥራ ሆነ። ሁለቱም እስከ በሩ ድረስ አሳምረው ተጫወቱ።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ተነሣች። ፊቷን ታጠበች፣ ጸጉሯን ሰበሰበች፣ መድረክ ልትወጣ እንደምትሰናዳው ሁሉ። ከዳቦው ቆርሳ ቅቤ ቀብታ በላች። አልወረደላትም፤ በውኃ አወረደችው። ከዚያ መጋረጃውን ገለጥ አደረገች።

መኪናዎቹ መንገዱ ዳር ተደርድረዋል። ሰዎቹ የመኪናውን በር ሳያላትሙ፣ በእጃቸው እየደገፉ ይዘጋሉ። ቄሱ አሉ፤ መስቀላቸውን ካፖርታቸው ውስጥ አድርገዋል። ሴቶቹ ከነጃኬታቸው ናቸው፤ ከጃኬቱ ሥር የጥቁር ነጠላ ጫፍ ወጥቷል። መሐላቸው ሐምራዊት፣ በሁለት ሰው ተይዛ።

ላትከፍት ትችላለች። ያልተከፈተ በር ያልተነገረ ነው፤ እስካልተነገራት ድረስ ልጇ ባሕር ላይ ነው፣ ኔትወርክ የለም። ደወሉ ጮኸ። መስኮቱ ያፏጫል። ደወሉ ደገመ፤ በዚህ መሐል ከደረጃው ሥር የሐምራዊት ልቅሶ፣ እንደታፈነ፣ አመለጠ።

ከፈተች።

ደረጃው እስከ ታች ሰው ነው። የፊተኛው ረድፍ ለማስመሰል ፈገግ እንዳለ ነው፤ ማን እንደሚጀምር አልተስማሙም። ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ግቡ» አለች ሉሊት። «እህል ቀምሻለሁ።»

ፈገግታው ከየፊቱ ረገፈ። አበባይሽ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ቄሱ ቃላቸውን ተናገሩ፤ ጀልባዋ፣ ገመዱ፣ የማስ ወንዝ። አስከሬኑ ትናንት ማታ ተገኝቶ ነበር።

ሴቶቹ ነጠላቸውን አወጡ፤ የሉሊትን አፍ አዩ። ያን ሙሾ ልታወጣ፣ እነሱም ሊቀበሏት ነበር። ስንት ምሽት አዳራሽ ያስለቀሰችበት ግጥም ምላሷ ላይ ደረሰ፤ ደርሶም ደረቀ። ለቮልጋም ለማስም የሚሆን ድምፅ ከደረቷ አልወጣ አለ። አበባይሽን ብቻ ፈልጋ አየቻት።

«ልጅ ነበረኝ» አለች።

ከዚያ ጠበቀች። እንደ ድሮው ሰፌዱን ጥሎ የሚነሣ፣ አታሟርቺ የሚላት፣ አለኝ በዪ የሚላት ሰው ጠበቀች። ከአበባይሽ ወደ ፋናዬ፣ ከፋናዬ ወደ ሐምራዊት፣ ፊት ለፊት እያየች ጠበቀች።

ማንም አላረማትም።