በረከት ደቡብ አፍሪካ ሄዶ አያውቅም

ከሚስቴ የደበቅሁት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱን አሁን ለእናንተ ልነግር ነው። ለመጋቢያችንም አልነገርኩም። በጸሎት እንኳ ዙሪያውን ስዞረው ከረምኩ እንጂ በስሙ ጠርቼው አላውቅም፤ እግዚአብሔር እንደሆነ ያውቀዋል፣ ምን አስደገመኝ እያልኩ። እናንተ ግን አታውቁትምና ከመጀመሪያው እነግራችኋለሁ።

ዋሽቻለሁ። የእህቴ ልጅ በረከት ካንሰር ይዞት አዲስ አበባ ሲታከም፣ እኔ ደቡብ አፍሪካ ሄዷል ብዬ ለሆሳዕና ሰው አወራሁ። አንድ ቀን አምልጦኝ አይደለም። ሰባት ወር ሙሉ እያወራሁ ዋሸሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን አራት ዓመት ደግሞ ዝም በማለት ዋሸሁ። ሥራዬን ብትጠይቁኝ የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር መምህር ነኝ።

ጸጸት እንቅልፍ ነስቶኝ የምናዘዝ ቢሆን ኖሮ ደግ ሰው በሆንኩ ነበር። እንቅልፌ ግን ደኅና ነው። የምናገረው፣ አንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ በእኔ ውሸት የተነሳ ሕክምና ሳትሄድ ቤት ስለተቀመጠች ነው። ወደ እሷ እመጣለሁ።

በረከት ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አባቱ ካረፈ ወዲህ እንደ አባት የሚያየው እኔን ነው። አንገቱ ላይ እብጠት ወጣ። እናቱ ቅቤ ቀባችው፤ እኔ ኳስ ሲጫወት ተመትቶ ነው አልኩ። እብጠቱ ሁለታችንንም አልሰማንም። የከተማችን ሐኪም አይቶ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ጻፈልን። እዚያ ከአንገቱ ላይ ናሙና ተወስዶ የሊምፍ ዕጢ ካንሰር ነው ተባለ። ሐኪሟ ይህ ዓይነቱ ወጣቶችን እንደሚይዝ፣ በጊዜ ከታከመም ብዙዎቹ እንደሚድኑ ቀስ ብላ አስረዳችን። በረከት ሁሉን ሰማ። እኔ ካንሰር ከሚለው ቃል በኋላ የሰማሁት የለም።

ልብስ ልወስድለት ሆሳዕና ተመለስኩ። መናኸሪያው በር ላይ አንዲት የማውቃት በርበሬ ነጋዴ በረከት የት ጠፋ ብላ ጠየቀችኝ። ታሟል ማለት ምን ያቅታል? ግን ካልኩ በኋላ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። ከንፈር ይመጠጣል፤ ልጁ በሕይወት እያለ "ጨዋ ልጅ ነበር" ይባላል። በረከት "ነበር" ሲባል መስማት አልቻልኩም። አፌ ራሱ ፈለገና "ደቡብ አፍሪካ ሄደ" አለ።

በእኛ ከተማ ይህ መልስ የጥያቄ ሁሉ መዝጊያ ነው። ወጣት ወንድ ሌላ የት ይጠፋል? ሴትዮዋ ፊቷ በርቶ እጄን ጨብጣ መርቃኝ ሄደች። ጉዳዩ እዚያው ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ወሬው ሦስት ቀን ሳይሞላው ቦኖሻ ደረሰ። የበረከት አባት ዘመዶች ከዚያ ተነስተው እህቴን እንኳን ደስ አለሽ ሊሏት መጡ። እህቴ ከእኔ በቀር እውነቱን የሚያውቅ የሌላት ምስኪን፣ ጓዳ ገብታ አልቅሳ ስትመለስ የደስታ እንባ ነው ብለው አብረዋት አለቀሱ። ከሀደሮ የመጡ ሰዎች ደግሞ ልጁን ያሻገረው ደላላ ማን እንደሆነ ካልነገርከን ብለው ያዙኝ። ሲያስጨንቁኝ ደላላው በመኪና አደጋ ሞቷል አልኳቸው። ለነፍሱ አዘኑ። አንዷማ ስንት ልጆች ትቶ እንደሞተ ጠየቀችኝ፤ አራት አልኳት። እንግዲህ እዩት፤ አንድ ልጅ ልደብቅ ብዬ አራት ወላጅ አልባ ልጆች ፈጠርኩ።

ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔ ግን እያደር ከበደ። በየሁለት ሳምንቱ ለበረከት የኬሞ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ መሄድ ነበረብኝና ለሚስቴ ሥልጠና አለብኝ እላት ነበር። በዚያ ዓመት በዞኑ የእኔን ያህል የሠለጠነ መምህር አልነበረም። ጎረቤቶቻችን ደግሞ ወደ ደቡብ አፍሪካዋ ጆበርግ የሚሄድ ሰው ሲገኝ ለበረከት ይድረስ ብለው ቆጮና ቅቤ አመጡ። ተቀበልኩ። ቆጮውን በቅቤና በአይብ እንደ በዓል ምግባችን እንደ አተካና ሠራንና ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጠን በላነው። በረከት ሁለት ጉርሻ ብቻ ነው የወረደለት፤ ቀሪውን እኔ ጨረስኩት። የሰፈሩን ቅቤ በልቻለሁ፤ ይህም ይጻፍብኝ።

ከሁሉ የከፋው ምስክር ማግኘቴ ነው። አንድ ከጆበርግ ተመለስኩ የሚል የሰፈራችን ጎልማሳ፣ በረከትን በዓይኑ እንዳየው፣ ሱቁ ጥሩ እንደሚሠራ፣ ልጁም ትንሽ እንደወፈረ በሰው መሐል ተናገረ። እኔም እዚያው ቆሜ ሰማሁ። በዚያ ሳምንት በረከት አርባ ሰባት ኪሎ ነበር። ዋሽተሃል ልለው በምን አፌ? ሰላምታውን ስላደረስክልን እግዚአብሔር ይስጥህ አልኩት።

አሁን ደግሞ መናገር የሚከብደኝን ልናገር። በረከት ለሕፃናቱ ክፍል ረዝሞ፣ ለአዋቂዎቹ ክፍል ልጅ ሆኖ ነበር። አልጋ የተሰጠው ከአባቶች መሐል ነው። እነሱም ጋዜጣ ያስነብቡታል፤ በየተራም ሴት ልጃቸውን ይድሩለታል። ያስቁት ነበር፤ እኩያ ግን አይሆኑትም። ጓደኞቹ በቴሌግራም ሲጽፉለት ምን እንደሚመልስ ስላላወቀ ዝም አለ። እነሱም ጆበርግ ገባና ኮራብን ብለው መጻፍ ተዉ።

አንድ ቀን በእሱ ዕድሜ ያሉ ታማሚዎች ምን እንደሚቸግራቸው የምታጠና ወጣት ሴት መጠይቅ ይዛ መጣች። እኔ አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ስለ ሕመምህ የሚያውቁ ጓደኞች ስንት ናቸው ብላ ጠየቀችው። የሉም አላት። ለምን አለችው።

"ሁሉም ደቡብ አፍሪካ ያለሁ ነው የሚመስላቸው።"

ልጅቷ ቀና አለች። "ማን እንዲህ አላቸው?"

በረከት በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ። "ጋሼ። የሥነ ምግባር መምህር ነው።"

ልጅቷ ወረቀቷን ከላይ እስከ ታች አየች። ከምርጫዎቹ መሐል እኔን የሚመስል አላገኘችም መሰለኝ፣ "ሌላ" በሚለው ሥር ረዘም አድርጋ ጻፈችኝ። ስትሄድ በረከት ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦ "ጋሼ፣ ታሞ ሞተ ቢሉኝ እችለዋለሁ። ኮርቶ ዘግቶን ሞተ እንዲሉኝ ግን አልፈልግም።"

ይህን ሰምቼ በማግስቱ ሆሳዕና ገብቼ እውነቱን ተናገርኩ ብላችሁ ጠብቃችሁ ከሆነ ደግ ሰዎች ናችሁ። አልተናገርኩም። ለልጁ ብዬ ነው እል ነበር። ውሸት ነው፤ ይኸው አሁንም ልዋሽ ስል ራሴን ያዝኩት። ለራሴ ብዬ ነው። በደረስኩበት ሁሉ "የጆበርጉ አጎት" እያሉ መቀመጫ ይለቁልኝ ነበር፤ ያ ክብር ጣመኝ። ልጁ ብቻውን ሲተኛ እኔ ክብሩን እበላ ነበር። ቅቤውን ብቻ መስሏችሁ ነበር?

በረከት ሕክምናውን ጨርሶ ተመለሰ። ከስቷል፤ ፀጉሩ እንደ ጨቅላ ሕፃን ለስልሶ እየበቀለ ነው፤ አንገቱ ላይ ናሙና የተወሰደበት ጠባሳ አለ። እኔ አንድም ቃል ሳልናገር ሰፈሩ ራሱ ታሪኩን ጨረሰልኝ። ሱቁ ተዘርፎ፣ ሌቦች ወግተውት፣ ለነፍሱ ሸሽቶ መጣ ተባለ። እኔ የጨመርኩት "በስለት" የምትለውን ብቻ ነው። ትምህርት ቤታችንም በሕገወጥ ስደት አስከፊነት ላይ ንግግር እንዳደርግ ጋበዘኝና፣ ሦስት መቶ ተማሪ ፊት የልጁን ጠባሳ እንደ መርጃ መሣሪያ ተጠቀምኩበት። በረከት ከፊት ተቀምጦ ጫማውን ያይ ነበር። ተጨበጨበልኝ። ንግግሩን "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" በሚለው ተረት ነበር የዘጋሁት፤ ይህንን ስነግራችሁ አፍራለሁ።

አራት ዓመት አለፈ። በረከት ኮሌጅ ገባ፤ ለክትትል አዲስ አበባ ሲሄድ ትቶት የሸሸውን ዕቃ ሊያስመልስ ነው ይባላል። ሐኪሞቹ ደኅና ነህ ብለውታል። እኔም ረስቼው ነበር።

ባለፈው ሳምንት፣ ሚስቴ ገበያ ሄዳ ሳለ፣ አንዲት ጎረቤታችን ቤቴ መጣች። ስሟን አልጽፍም፤ የሰው ምስጢር ላይ አንዴ ቀልጃለሁ፣ ይበቃኛል። ከቦርሳዋ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ እንዳነብላት ሰጠችኝ። የሴት ልጇ ሪፈር ነበር። አንገቷ ላይ እብጠት። ልጅቷ ተማሪዬ ናት፤ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው የምትቀመጠው። እናቷ አዲስ አበባ ልትወስዳት አልፈለገችም። ከዚህ በሽታ የዳነ ሰው እንዳለ አታውቅም። እንዲያው ቤት ደብቄያት ሰው ሲጠይቅ ሳዑዲ ሄደች እንበል ይሆን መምህር ብላ ምክር ጠየቀችኝ።

"በዚህ ሰፈር አንድ የዳነ ሰው ብታሳዩኝ ዛሬውኑ እሄድ ነበር" አለች።

በረከት እዚያው ሳሎን ውስጥ ምሳ እየበላ ነበር። እጁን ታጥቦ መጣና ኮሌታውን ዝቅ አድርጎ አሳያት። "እኔ አለሁ እትዬ። ያው እኔንም ይዞኝ ነበር።"

በእዝነት አየችው። "ለእኔ ብለህ ነው የኔ ልጅ፤ አላህ ይስጥህ። ጆበርግ እንደተወጋህ ማን ያጣዋል?"

እውነቱን ነው አልኳት፤ ማልኩላት። መምህር ርኅሩኅ ነዎት አለችኝ። የሆስፒታል ካርዱን አምጥቼ ዘረጋሁላት። አገላብጣ አየችና፣ ወረቀትማ ለፓስፖርትም ይሠራል ብላ መለሰችልኝ። ደግሞም በጆበርግ በዓይኑ ያየው የገዛ ወንድሟ ነው። ወንድሜ ይዋሻል ልትሉኝ ነው? አለችኝ። በውሸት ጊዜ ሆሳዕና ሁሉ አመነኝ፤ አሁን እውነት ስናገር አንዲት እናት ማሳመን አልቻልኩም።

ወንድሟን ፍለጋ ሄድኩ። ሁለት ውሸታሞች ፊት ለፊት ተቀመጥን። መጀመሪያ በረከትን አይቼዋለሁ ብሎ ማለ። ለእኔ! እኔም ልጁ በዚያ ሳምንት የት እንደተኛ ነገርኩት። ያን ጊዜ እሱ ራሱ ጆበርግ ደርሶ እንደማያውቅ፣ የከረመው ታንዛኒያ እስር ቤት እንደሆነ ነገረኝ። ስለ በረከት ሲጠየቅ አላየሁትም ቢል ራሱ የሚጋለጥ መስሎት ነበር። የእህቱ ልጅ መታመሟን ስነግረው አልሰማም ነበርና አለቀሰ። ተነስ እንንገራት ስለው እንዲህ አለኝ፦

"እርስዎ መምህር ነዎት። እርስዎ ይቅደሙ፤ እኔ እከተላለሁ።"

ስለዚህ እየቀደምኩ ነው። ነገ ጠዋት በረከትንና እሱን ይዤ የልጅቷ እናት ዘንድ ሄጄ ይህንን ወረቀት አነብላታለሁ። ቅዳሜ ደግሞ የእድራችን ስብሰባ አለ፤ ጸሐፊው እኔ ነኝ። ከአጀንዳው መጨረሻ "ልዩ ልዩ" በሚለው ሥር ራሴን አስገብቻለሁ። የእሷንና የወንድሟን ነገር ዘልዬ የራሴን ብቻ አነባለሁ። በረከት እንድጽፍ ፈቅዶልኛል፤ ስሜን እንዳትቀይር ብሎኛል።

ማንን ይቅርታ ልለምን? በረከትን ለምኜዋለሁ። መጀመሪያ ልጅቷን መኪና ላይ አሳፍራት፣ ከዚያ እንነጋገራለን አለኝ። ሪፈሩ ከተጻፈ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነው።

ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም። የሞተ ደላላ ፈጥሬያለሁ፣ ቅቤያችሁን በልቻለሁ፣ ሥነ ምግባር አስተምሬያችኋለሁ። ከእንግዲህ የምለውን አትመኑ፤ መብታችሁ ነው። በረከት ግን ካንሰር ይዞት ነበር፤ ታክሞ ድኗል። ቤቱ ከእድሩ መጋዘን ቀጥሎ ነው። እኔን ተዉኝና ሂዱ እሱን ጠይቁት።